ሳልናገር የወጣሁበት በር

ቤዝ ጊታሬን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የልጅ ናት እንዴ?» ብሎ ነው። የልጅ አይደለችም፤ አጭር ናት። አንገቷ ከሌሎቹ ቤዞች በግማሽ ስንዝር ያጥራል። የእኔም ቁመት የሚያኮራ አይደለም፣ ጣቶቼም እንደዚያው። ደሴ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ሙዚቀኛ ቤት ጭኔ ላይ ሳሳርፋት በልኬ የተሰፋ ኮት የለበስኩ መሰለኝ። እኔ ሳልወለድ ጃፓን አገር የተሠራች ናት። ራሷ ላይ የነበረው የፋብሪካ ስም በእጅ ብዛት ጠፍቷል። ሽማግሌው ሲሰጡኝ «ብታገኝም ብታጣም እንዳትሸጣት» አሉኝ። አልሸጥኳትም። በእሷ ሰበብ የሠራሁት ግን ከመሸጥ የባሰ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የላሊበላ ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ዓለሙ የአቋቋም መምህር ነበሩ፤ መቋሚያ ይዞ በዜማ መቆምን፣ ማሸብሸብን፣ መዝመምን ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። እኔም እስከ አሥራ ሰባት ዓመቴ እግራቸው ሥር ተምሬ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን በአንድ ሆቴል ደጅ ሳልፍ ለእንግዳ የሚጫወት ባንድ ሰማሁ። ቤዙ ደረቴን መታኝ፤ ከትምህርቱ ቀረሁ። አባቴ አልረገሙኝም፣ አልተቆጡኝምም። ጊታሯን ግን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ «ያቺ ባለ አራት ጅማት» ነበር የሚሏት። እሷ ያለችበትን ቤቴንም ረግጠው አያውቁም።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ ቤዝ የምጫወትበት ያ ሆቴል ተዘጋ። ጊታሯን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ገጠር ባለችው እህቴ ግቢ ገለባ ክምር ውስጥ ሸሸግኋት። ለማንም አልተናገርኩም። በኋላ የእህቴ ባል ለበሬዎቹ ገለባ ሊያወርድ መንሹን ሲሰካ አንድ ነገር ያዘው፤ ሲጎትት የጊታሯ አንገት ከራሷ ሥር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሰውየው በሐዘን ሊሞት ደረሰ። እሱ ምን አጠፋ? የት እንዳስቀመጥኳት ያልነገርኩት እኔ ነኝ። አለመናገር ልማዴ የሆነው ከዚያ በፊትም ይሁን ከዚያ ወዲህ እንጃ።

ሆቴሉ ሳይከፈት ቀረ፤ እኔም ገበያው አጠገብ ስልክ፣ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ የምጠግንባት አንዲት ክፍል ሱቅ ከፈትኩ። በትርፍ ሰዓቴ ጊታሯን መጠገን ያዝኩ። የዛገውን መቃኛ ላምባ ውስጥ ዘፍዝፌ አላቀቅኩት። ቮልዩሟን ከሞተ ሬዲዮ ነቅዬ ተካሁ። የክሩን ንዝረት የሚሰማው ማግኔት ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ከፀጉር ይቀጥናል፤ የተበጠሰበትን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ፈልጌ ለመበየድ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ለአጭር ጊታር የሚሆን ክር ከየት ይመጣል? ከአዲስ አበባ ረጅሙን አስመጣሁ። ረጅሙን ደግሞ ዝም ብለው ከቆረጡት ጥምጥሙ ይተረተራል፤ መጀመሪያ አጥፎ፣ ከእጥፋቱ ወዲያ ነው የሚቆረጠው። ይህን ያወቅሁት አንዱን ክር አበላሽቼ ነው።

አንገቷ ግን አልሆነም። ሁለት ጊዜ በኮላ አጣበቅኩት፤ ክሩ ሲወጠር ሁለት ጊዜም ተላቀቀ። ለእንግዶች የእንጨት መስቀል የሚቀርፅ አንድ ጎረቤት አለኝ፤ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ኮላ ብቻውን አይችልም» አለኝ። «ከጀርባው ሁለት ቦይ ቆፍረህ፣ ጠንካራ እንጨት እንደ ሽብልቅ አስገብተህ ነው የምታጣብቀው። እንጨቱ ወይራ ይሁን፤ ቢያንስ ሠላሳ ዓመት የደረቀ። እርጥብ ከሆነ ይጣመምብሃል።»

«ሠላሳ ዓመት የደረቀ ወይራ ከየት ይገኛል?»

«የድሮ ሰው ቤት ፈልግ» አለኝ።

የድሮ ሰው ቤት ለእኔ ሩቅ አልነበረም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ በነአኩቶ ለአብ መንገድ በኩል ባለው ቤታችን ብቻቸውን ነበሩ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው የምታበስልላቸውና ቤቱን የምትይዝላቸው እታገኝ የምትባል የእናቴ ዘመድ አብራቸው ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ነገሯ ቁጥብ የሆነ ሴት። እኔም በየሁለት ሦስት ቀኑ ብቅ እላለሁ። ግድግዳው ላይ የአባቴ መቋሚያዎች ተሰቅለዋል። ከጎታው ጀርባ ግን አንድ ራስ የሌለው ዘንግ ተደግፎ አየሁ፤ ጭስ ያጠቆረው፣ ከታች የብረት ጫማ ያለው።

የአቋቋም ቤት ልጅ ስለሆንኩ የማውቀው ነገር አለ። መቋሚያ ሲያረጅ ከላይ የሚደገፉበት ራሱ ይነቀልና ለአዲስ ዘንግ ይሰጣል፤ አሮጌው ዘንግ እሳት መቆስቆሻ ይሆናል። በልጅነቴ እንዲህ ያለውን ዘንግ ስንቱን ለእሳት ሰጥቻለሁ። ስለዚህ ራስ የሌለውን ሳይ የተጣለ ነው ብዬ ወሰድኩ፤ ያወቅሁ መስሎኝ ነው የሳትኩት። አባቴ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እታገኝ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። በነጠላዬ ሥር ይዤው ወጣሁ። የተጣለ ዕቃ ከሆነ ለምን በነጠላ ሥር እንደያዝኩት እስከዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ሐሙስ ዕለት በመጋዝ ቆረጥኩት። ጥቁሩ ሲላጥ ከውስጥ ቀይ ወጣ፤ እንጨት እንደዚያ ሲያምር አይቼ አላውቅም። ሁለት ሽብልቅ አወጣሁ፣ ቦዩን ቆፈርኩ፣ ኮላ ቀባሁ፣ በሞርሳ አሰርኩት። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ዓርብ ቀትር ላይ አባቴ ቤት ስገባ በጉልበታቸው ተንበርክከው ከጎታው ጀርባ በእጃቸው ይዳብሳሉ።

«አባየ፣ ምን ጠፋዎት?»

«አስቻለው ነህ? ና እስቲ ባንተ ዓይን እይልኝ። የመምህሬ መቋሚያ እዚህ ነበረ።»

«የትኛው መቋሚያ?» አልኩ፤ እያወቅሁ።

«ራሱ ላልቶ ለአንጥረኛ ሰጥቼው ነበር፤ ዛሬ ጠግኖ አመጣልኝ። ልገጥመው ብየ ዘንጉን ብፈልግ የለም። መምህሬ ሲያርፉ ከእጃቸው የተቀበልሁት ነው እኮ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ቆሜበት አላውቅም፤ ለሰው አስቀምጨው ነው። ኅዳር ሲገባ፣ በነአኩቶ ለአብ ክብረ በዓል፣ የምሰጠው ሰው አለኝ።»

ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። «እኔ ነኝ አባየ፣ ሳላውቅ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ይፈለጋል፣ አይጨነቁ» የሚል ነው። ጊታሯን ዓይኔ ላይ አየኋት፤ ለእሷ እንጨት ስል የመምህራቸውን ዘንግ ቆረጥኩት ብዬ ለእኚህ ሰው እንዴት ልንገር? ስለ ጊታሯ ሃያ ዓመት ያልተነጋገርን ሰዎች ነን።

እታገኝ ውሃ ይዛ ገባች። አባቴ ጠየቋት።

«እኔ አላየሁም የኔታ።»

«ባለፈው ማገዶ አልቆ ነበር አይደል? ራስ የለውም ብለሽ እንዳይሆን? ብታነጅውም ግዴለም፤ ንገሪኝ ብቻ።»

«አላነደድሁም የኔታ። ይኸን ያህል ዘመን ስኖር የቤትዎን ዕቃ ሳልጠይቅ ነክቸ አውቃለሁ?»

አባቴ ተመልሰው ጎታውን ይዳብሱ ጀመር። መጠየቁን የተዉት ስላመኗት አልነበረም፤ እሷም ያን አውቃለች። ማድጋውን አስቀምጣ ወደ እኔ አየች። እኔ ግድግዳውን አያለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ሞርሳውን ፈታሁ። መገጣጠሚያው ይዟል። ክሩን አስገባሁ፣ ቀስ እያልኩ ወጠርኩ፤ አንገቷ ንቅንቅ አላለም። ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቼ ወፍራሙን ክር አንዴ ነካሁት። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብሎኖች ተንቀጠቀጡ። ከመሰበሯም በፊት እንዲያ ያለ ጥልቅ ድምፅ ሰጥታኝ አታውቅም። በሕይወቴ በጣም ልደሰትበት የሚገባኝ ሰዓት ነበር፤ እኔ ግን ክሩን በመዳፌ አፈንኩት። ማጉያውንም ቶሎ አጠፋሁት።

ቀና ስል እታገኝ በሩ ላይ ቆማለች።

«የኔታ ሊያስገዝቱ ነው» አለችኝ። «ቄስ ታደለን አስጠርተው ተነጋግረዋል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነው።»

ግዝት ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳ። በእኛ አገር ዕቃ ሲጠፋና የወሰደው ሲሰወር ባለቤቱ ለካህን ይነግራል፤ ካህኑ በሕዝብ ፊት ቆሞ የወሰደውንና እያወቀ የደበቀውን በቃሉ ያስራል። የታሰረ ሰው ካልተናገረ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ነው፤ ቢሞትም እንደታሰረ ነው። ፖሊስ የማያስፈራው ሌባ ግዝት ሲሰማ በሌሊት ዕቃውን ደጅ ላይ ጥሎ ሲሄድ አይተናል።

«እኔ ግዝቱን አልፈራሁም» አለች እታገኝ። «የሰው ዓይን ነው የፈራሁት። አንተ ልጃቸው ነህ። አላነደደችም ብለህ ንገርልኝ። ቢያንስ አንተ ታምነኛለህ አይደል ወይ?»

«አምንሻለሁ» አልኳት።

ልትወጣ ዞር ስትል ዓይኗ ጠረጴዛው ሥር አረፈ። የዘንጉ ቁራጭ የብረት ጫማውን እንደለበሰ እዚያው ወድቋል፤ አጠገቡም ቀዩ ፍቅፋቂ። ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ጊታሯን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«እንዲያ ነው?» አለች።

ቁራጩን በእግሬ ወደ ውስጥ ገፋሁት።

«አልናገርብህም» አለች ቀስ ብላ። «አባትና ልጅ መኻል አልገባም። ሰው በገዛ አፉ ቢናገር ነው የሚያምርበት። እስከ ነገ ጊዜ አለህ፤ ተናገር አስቻለው።» ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ እሷ ካየች፣ እሷም በግዝቱ ውስጥ ገባች ማለት ነው። ያየም ይታሰራልና። ይህን እሷም ታውቀው ነበር፣ እኔም አውቀው ነበር። ዝም ስላት ሁለታችንን ነው ያሰርኩት። ያን ቀን አባቴ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሄጃለሁ፤ ሦስቴም መንገድ ላይ ተመልሻለሁ። አንዴ ሰው አለ ብዬ፣ አንዴ ደክሟቸዋል ብዬ፣ አንዴ ያለ ምንም ምክንያት።

እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ቄስ ታደለ በደጀ ሰላሙ ፊት ቆመው መስቀላቸውን አነሱ። አባቴ ሌላ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከጎናቸው ቆመዋል። እታገኝ ከሴቶቹ በኩል አጥሩን ተጠግታ ቆማለች፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

«የመሪጌታ ዓለሙ የመምህራቸው መቋሚያ ጠፍቷል» አሉ ቄስ ታደለ። «የወሰደ፣ ሲወሰድ ያየ፣ ያለበትን እያወቀ የሸሸገ፣ እዚሁ ይናገር። ሳይናገር ከዚህ በር የወጣ ግን በተሰጠኝ ሥልጣን አስሬዋለሁ፤ ውግዝ ይሁን።»

«አሜን» አለ ሕዝቡ።

እኔም አሜን አልኩ። ልማድ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ካህን ሲጨርስ አሜን እላለሁ። አፌ ከልቤ ቀድሞ በራሴ ላይ መሰከረብኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ አሜን ግን ከአፋፉም ወዲያ ሄደ።

ሕዝቡ ወደ በሩ መጉረፍ ጀመረ። እኔ ባለሁበት ቆምኩ። እስካልወጣሁ ድረስ ነፃ ነኝ፤ ሰዉ ሲያልቅ ጠጋ ብዬ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። አባቴ ግን ጆሯቸው እንደ ዓይን ሆኖላቸው ነበርና በሳሌ አወቁኝ።

«አስቻለው፣ ነህ?»

«ነኝ አባየ።»

«ና ደግፈኝ ልጀ፤ ድንጋዩ ያዳልጠኛል።»

ክንዳቸውን ያዝኩ። ቀላል ክንድ ነበር፣ የወፍ ያህል። ወደ በሩ አሥር እርምጃ ያህል ይቀራል። በአንደኛው እርምጃ እናገራለሁ አልኩ። በሁለተኛውም አልኩ። አባቴ «ይህን ያህል ማድረግ አልነበረብኝም ይሆን?» አሉኝ። «ግን ምን ላርግ? የአደራ ዕቃ ነው።» ምን አልኳቸው? ምንም። ደጁን ስናልፍ እግራቸው ከመቃኑ እንዳይጋጭ «እግርዎን ያንሱ» ብቻ አልኩ። እንዲያ ሆኖ ወጣን፤ አባቴ በእጃቸው ይዘው አሻገሩኝ። ዘወር ስል እታገኝ አሁንም ከአጥሩ ሥር አልተንቀሳቀሰችም።

ሰኞ ስሄድ ቤቱ አልተጠረገም። አባቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ እሳት የለም።

«እታገኝ ሄደች» አሉኝ። «ጎሕ ሳይቀድ ነው የወጣችው። ወደ ጋሸና በሚሄድ መኪና ተሳፈረች አሉኝ። እሷ ኑራለች ለካ። ግዝቱ አባረራት።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ብትነግረኝ እኮ ምንም አልላትም ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ያልቻልኩት። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ዝምታው ከአቅሜ በላይ ከብዶኝ ነው።

«እሷ አይደለችም አባየ። እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ዘንጉን የወሰድሁት። ራስ የለውም፣ የተጣለ ነው ብየ ነው። ቆርጨዋለሁ።»

«ለምን?» አሉኝ፤ ቁጣ የለበትም፣ በእርግጥ ሊያውቁ ፈልገው ነው።

«ለጊታሯ አንገት።»

የምድጃውን አመድ በጣታቸው ጫሩ። ውጭ አንድ ሰው አህያ እየነዳ አለፈ። ቆይተው አንድ በአንድ ጠየቁኝ።

«ትናንት ክንዴን ይዘህ ስታወጣኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሴትዮዋስ? ታውቅ ነበር?»

«ቅዳሜ ሱቄ መጥታ አይታለች። በገዛ አፍህ ተናገር ብላኝ ነው ዝም ያለች።»

አባቴ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ሲያለቅሱ ያየሁት እናቴ የሞተች ቀንና ያን ቀን ነው። «ንጹሕ ሰው አሳሰርሁ» አሉ። «በሽምግልናየ ንጹሕ ሰው አሳሰርሁ። ተነስ፤ ፊት ቄስ ታደለን ጥራልኝ፤ ከዚያ ጋሸና ሂድ።»

ቄስ ታደለ መጥተው ሰሙ። ብዙ አልተቆጡኝም። ቀኖናዬን ከሰጡኝ በኋላ «ግዝት የሚፈታው የተወሰደው ሲመለስ ነው» አሉ።

«ተቆርጧል አባቴ። ጊታሯ አንገት ውስጥ ተጣብቋል።»

ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ «እንግዲያው እንዳለች ትምጣ» አሉ።

የዚያኑ ዕለት ጊታሯን አምጥቼ መቋሚያ ይሰቀልበት ከነበረው ቀንድ ላይ ሰቀልኳት። የተጠገነው የመቋሚያ ራስ ከሥሯ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ የሚገጥምበት ዘንግ የለውም። «ለማን ሊሰጡት ነበር?» አልኳቸው።

«አሁን ምን ያደርግልሃል? ተወው» አሉኝ።

ለእኔ ይሆን ብላችሁ እንደጠረጠራችሁ አውቃለሁ። እኔም ጠርጥሬያለሁ፤ ብዙ ቀን ከራሴ ጋር ተሟግቼበታለሁ። የነገረኝ ሰው ግን የለም፤ ስለዚህ እንዲህ ነበር ብዬ አልጽፍም።

ጋሸና የደረስኩት ወደ አመሻሹ ነው። መስቀለኛው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሾፌሮች ከሚበሉባቸው ቤቶች በሦስተኛው፣ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘኋት። አየችኝ፤ ቢላዋዋን አላስቀመጠችም።

«ተናገርህ?»

«ተናገርሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬ።»

«ዛሬ» አለች ለራሷ። «በሩ ላይ ቢሆን ኑሮ ዛሬ እቤቴ ነበርሁ። ሰዉ ሁሉ አልቆ ብቻየን ስቀር ዘበኛው 'ምነው፣ አትሄጂም?' አለኝ። ልናገርብህ እችል ነበር። ቄሱ እዚያው ነበሩ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ትመለሳለህ ብየ ነዋ። እስኪጨልም ጠበቅሁህ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ግዝቱ ተፈቷል፣ ቄስ ታደለ ስምሽን ጠርተው ፈትተውሻል፣ አባየ ይቅር በይኝ ብለዋል፣ ነይ እንሂድ አልኳት። ሽንኩርቱን ጨርሳ እጇን ታጠበች።

«ለየኔታ ይቅር ብያለሁ በልልኝ፤ ከልቤ ነው። ልመለስስ አልመለስም። ያ መንደር 'ግዝት ያባረራት' ብሎኛል፤ አንድ ጊዜ ተብሏል።»

«ለእኔስ?»

«ላንተ ገና አልደረስሁበትም» አለችና ወደ ወጥ ቤቱ ገባች።

ሕይወቴን የለወጠችው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት። በማግስቱ የኪራይ ቤቴን ለቅቄ አባቴ ዘንድ ገባሁ። እታገኝን ያሳጣኋቸው እኔ ነኝና ሥራዋ የእኔ ሆነ። ሽሮ መሥራት ተማርኩ፤ መጀመሪያ ያሳረርኩትን ሁሉ ዝም ብለው በሉ። ቀን ሱቄ እውላለሁ፣ ወደ ማታ እገባለሁ። ሁለት ወንዶች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ግድግዳው ላይ ጊታሯ። ስለ እሷም ስለ ዘንጉም አንድ ቀን አላነሱብኝም። ኅዳር ገባ፣ የነአኩቶ ለአብ በዓል ሆነ፤ ደግፌ ወሰድኳቸው፤ ለማንም ምንም ሳይሰጡ ተመለስን። በተከታዩ ክረምት፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ሳል ጀመራቸውና በአሥራ አንደኛው ቀን አረፉ።

እታገኝ ለለቅሶው መጣች። ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፣ አለቀሰችላቸው፤ ስትሄድ «እግዜር ያጥናህ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ከአርባው በኋላ ቤቱን ሳጸዳ ጊታሯን አወረድኳት። አካሏ ጥላሸት ለብሷል፣ ክሮቹ ዝገዋል፣ የሸረሪት ድር መቃኛዎቿን አገናኝቷል። ገለበጥኳት። ከአንገቷ ጀርባ፣ ሁለቱ የወይራ ሽብልቆች የገቡበት ቦታ፣ አንድ ጣት የሚያህል ርዝመት ላይ አቧራ የለም። ቀዩ እንጨት ያብረቀርቃል፤ በአውራ ጣት ብዛት ተወልውሎ የእኔን የብርጭቆ ወረቀት ሥራ አስንቆታል። አጠገቡ የጧፍ ሰም ሁለት ቦታ ተንጠባጥቧል። እኔ ሱቅ ስውል፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ አባቴ አውርደው ጧፍ አስጠግተው ያዩዋት ነበር። ጣታቸው የመምህራቸውን ዘንግ ፍለጋ ነበር? ወይስ የልጃቸውን ሥራ እየመረመሩ ነበር? ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ይሆናል። ዘጠኝ ወር አብሬያቸው ስኖር አልጠየቅኳቸውም።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ምክር እንድጽፍ የምትጠብቁ ካላችሁ ምክር የለኝም። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለውን ተረት ግን እኔ ፊት አትጥቀሱብኝ። የእኔ ዝምታ አንዲትን ሴት ከቤቷ አውጥታ ሽንኩርት ስታስልጥ ትኖራለች። በየሦስት ወሩ ጋሸና እሄዳለሁ፤ እዚያ ቤት ምሳ እበላለሁ፤ ሳህኑን ታቀርብልኛለች። እስካሁን አልደረሰችበትም።

በቅርቡ እንግዳ ብቅ ብቅ ማለት ስለጀመረ ሆቴሉ ሊከፈት ነው፤ ባንዱንም እየሰበሰቡ ነው። እመጣለሁ ብያለሁ። ለጊታሯ አዲስ ክር አስመጥቼ፣ አጥፌ ቆርጬ አልብሻታለሁ። ስይዛት ግራ እጄ ዜማ ከመፈለጉ በፊት ወደ ላይ ይወጣል፤ አውራ ጣቴ ያቺን የለሰለሰች ቦታ ያገኛል። እዚያ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ከዚያ በፊት አንዲት ኖታ መምታት አልችልም።